ሽማግሌው የጾመው ሁዳዴ

እኔ እንሽላሊት አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ልጅ ሆኜ አንዱ በግድግዳ ላይ ሲሮጥ ካየሁ እዚያ ክፍል ውስጥ አልተኛም ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ፍራንክፈርት ቦናመስ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ጢም ያለው እንሽላሊት ጭኔ ላይ አስቀምጬ መድኃኒት በጠብታ ሳጠጣ ከረምኩ። ለዚያ ያበቃሁትም እኔው ነኝ።

ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ስለሚኖር ቤቱ የእኔና የእሷ ብቻ ነበር። አስም አለባት። ውሻ ካልመጣልኝ ብላ ዓመት ሙሉ ነዘነዘችኝ፤ ሐኪሟ ፀጉር ያለው እንስሳ ደጃችሁ እንዳይደርስ ሲል በልቤ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ደስታዬ አልቆየም። ኒደርራድ ሰፈር አብራኝ ቢሮ የምታጸዳ አንዲት ጀርመናዊት ወሬውን ሰምታ «ታዲያ ፀጉር የሌለው እሰጣችኋለሁ» አለች። ወንድሟ ቤቱ ውስጥ የሚያረባቸው፣ ጀርመኖች ባርታጋመ የሚሏቸው የበረሃ እንሽላሊቶች ነበሩት። አንዱን፣ ገና አምስት ወር ያልሞላውን፣ ከነመስታወት ሳጥኑና ከነመብራቱ አመጣችልን። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ልጄ እጇ ላይ አስቀምጣው ነበር።

ከአገጩ ሥር እሾህ እሾህ የሚል ጢም አለው፤ ሲቆጣ ጢሙ ይጠቁራል። ሰው ሲያይ አንድ እጁን አንስቶ ቀስ ብሎ ያወዛውዛል፤ ከዚያ ለዕርቅ እንደተቀመጠ ሽማግሌ ራሱን ይነቀንቃል። ልጄ የጀርመን ስም አወጣችለት። እኔ ሽማግሌው አልኩት፤ በአንቱታም አናግረው ነበር። «አንቱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስቆጣዎት?» ስለው ልጄ ትስቃለች፤ ስትስቅ ትስላለች፤ ስትስል እኔ መሳቄን አቆማለሁ። ኑሯችን እንዲህ ነበር።

በዚያ ክረምት ሳሏ ባሰባት። ደረጃ ወጥታ ቁና ቁና ስትተነፍስ መስማት እኔን ቀድሞ ገደለኝ። ኋላ ከጤና መድኅኑ፣ ከክራንከንካሰው፣ ደብዳቤ መጣ፤ ኩር የሚሉት የማገገሚያ ቆይታ ተፈቅዶላታል፤ ስድስት ሳምንት በሰሜን ባሕር ላይ ባለች ደሴት፣ ሳንባዋ ጨዋማ አየር እንዲያገኝ። የምትሄደው ሁዳዴ በሚያዝበት ሰኞ ሆነ። ያስጨነቃት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌውን ማን ያበላዋል? አንድ ወረቀት በጀርመንኛ ጻፈችና በማግኔት ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። መብራቱ ስንት ሰዓት በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፤ ቅጠል በየቀኑ፤ በየሁለት ቀኑ ካልክ በሚሉት ነጭ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰ ሕያው ፌንጣ። ፌንጣው የሚሸጠው በፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጮህ ያድራል።

«ማማ፣ ፌርሽፕሮኸን?» አለች ባቡር ጣቢያው ላይ፤ ቃል ግቢልኝ ማለቷ ነው።

«ቃል ገብቻለሁ» አልኩ። ስናገር ከልቤ ነበር።

አሁን የማልኮራበትን ልንገር። ባቡሩ እንደሄደ ቆሜ ተሳልኩ። የዚህችን ልጅ ሳንባ ከማርክልኝ ይህን ሁዳዴ ከወትሮው አጥብቄ እጾማለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ እስከ ፋሲካም ቤቴ ውስጥ ደም አይፈስም፤ ቤቱ ሁሉ ይጾማል አልኩ። ቤቱ ሁሉ ስል ከእኔ ሌላ የሚተነፍሰው ያ ሽማግሌ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የነነዌ ጾም ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ ንጉሡ ሰውም ከብትም እንዲጾም አዘዘ፣ እግዚአብሔርም ማረ። የነነዌ በግ ከጾመ የቦናመስ እንሽላሊት የማይጾምበትን ምክንያት አላገኘሁም። ከድካም የተነሣ ሰው ሞኝ ይሆናል ብል ሰበብ ይሆንብኛል። ሞኝም አልነበርኩም፤ ለልጄ ፈርቼ ነበር።

ፌንጣዎቹን ላለመግደል ብዬ ሣጥናቸውን በረንዳ ላይ አወጣሁት። የካቲት ነው፤ የዚያ አገር ውርጭ። በማግስቱ ሁሉም ደርቀው ሞተው አገኘኋቸው። ደም አይፍሰስ ብዬ አንድ ሣጥን ሙሉ ፈጀሁ። ያኔ መባነን ነበረብኝ። እኔ ግን ሣጥኑን ጣልኩና፣ አለቀ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ከዚያ የበላሁትን አበላሁት። ቆስጣ ገዝቼ ግማሹን ለራሴ እቀቅላለሁ፣ ግማሹን ጥሬውን ለእሱ እከትፋለሁ። «ይብሉ እንጂ አንቱ፣ የጾም ነው» እያልኩ በጣቴ ሳጎርሰው ደስ ብሎት ይበላ ነበር። ዱቄቱን አልነካሁትም፤ የፌንጣ ማባያ ነው ብዬ ነው፤ ፌንጣ ከሌለ ማባያ ምን ይሠራል? ሌሊት ተነሥቼ ኒደርራድ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ሳህን አጥባለሁ፤ በመሐል ያለችውን ሰዓት እተኛለሁ። ልጄ ከደሴቷ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነው።

«ሃት ኤር ገፍረሰን?»

«በልቷል፣ የኔ ልጅ።»

በልቷልና ውሸት አልነበረም። ድምፅዋ ግን በየሳምንቱ እየጠራ መጣ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጥ ትጨርስ ጀመር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሽማግሌው እዞርና «ጾማችን ሠምሯል» እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቅልኛል።

በአምስተኛው ሳምንት መነቅነቁ ቀረ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። በርዶት ነው ብዬ መብራቱን አስጠጋሁለት። በስድስተኛው ሳምንት የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ሄደ፤ አገጩን ብነካው እንደ ጎማ ልስልስ አለ። ያን ጊዜ ስለቴን ትቼ እየሮጥኩ ሄጄ ፌንጣ ገዛሁ። አንዱን አፉ ሥር አደረግሁለት። ተንጠራርቶ ያዘው፣ መንጋጋው ግን አልገጠመም፤ ፌንጣው ከአፉ ወጥቶ ሄደ። ልጄ ልትመጣ ሁለት ቀን ቀርቷታል። የዱቄቱን ቆርቆሮ ከፍቼ ግማሹን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁና ውሃ ለቀቅሁበት፤ ስትሰጠው ከርማለች ተብሎ እንዲታይልኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ነው። ሌላው አለማወቅ ነበር፤ ያንን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ልጄ ጉንጯ ቀልቶ መጣች። ስምንተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ሮጠች፤ ትንፋሿን እየሰማሁ ከኋላዋ ወጣሁ፤ አላፏጨም። ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደች። እጁን እንዲያወዛውዝላት ጠበቀች። ሽማግሌው በሆዱ ተዘርግቶ አንድ ዓይኑን ብቻ ከፈተ። እንዲህ ከሆነ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ሰሞኑን ነው» አልኩ።

እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚያውቅ ሐኪም ኦስትሃፈን አካባቢ አለ ተባለ። በኡ-ባን ባቡር፣ ከዚያ በትራም፣ እሱን በፎጣ ጠቅልዬ ሙቅ ውሃ ከሞላ ጠርሙስ ጋር ካፖርቴ ውስጥ ይዤ ሄድን። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ምን ይበላ እንደነበር ጠየቀ። ልጄ ወረቀቷ ላይ የጻፈችውን አንድም ሳታስቀር በቃሏ ነገረችው፤ ፌንጣ በየሁለት ቀኑ፣ ከነዱቄቱ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚያ ነው?» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

አመጋገቡ ትክክል ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ምናልባት ኩላሊቱ፣ ምናልባት ኢንፌክሽን አለና መርፌ ወጋው፤ ለሳምንት የሚወሰድ መድኃኒትም ሰጠን። ላም ባልዋለበት ኩበት እንዲለቅም የላክሁት እኔ ነኝ። በትራም ስንመለስ ልጄ ካፖርቴ ላይ እጇን አስደግፋ መጣች። «ማማ፣ በደንብ እንደያዝሽው አውቃለሁ» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ እንዳይከፋኝ ብላ። ያን ቀን ከማንኛውም ቀን የበለጠ ደከመኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ጠቆረ። የሕማማት ሳምንት ገባ። ሽማግሌው መድኃኒቱን ወሰደ እንጂ አልተሻለውም፤ ቅጠል ማኘክም አቃተው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቡ ትቀመጣለች። መናገር እፈልግና፣ ትንፋሿን እሰማለሁ፤ ደህና ነው። ይህን ትንፋሽ በጾሜ ያገኘሁት መስሎኝ ነበርና ስናገር የሚወሰድብኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

የእኛ ስቅለት ዕለት ለጀርመኖቹ ተራ ዓርብ ነበር፤ ፋሲካቸው አልፏል። ልጄ እሱን ትቼ አልሄድም አለች። እኔ ከሥራ ወጥቼ ማኅበራችን በኪራይ ወደሚገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ጉልበቴ እስኪዝል ስሰግድ ዋልኩ። ሥርዓቱ ሲያበቃ እንደ ወጉ ተራ ይዘን እየተናዘዝን ስግደት እንቀበላለን፤ ቄሱም ጀርባችንን በወይራ ቸብ ያደርጋሉ። ወይራ ስለማይገኝ ከአበባ ሱቅ የተገዛ ቅጠል ነበር። አረጋዊ የንስሐ አባቴ ፊት ስደርስ ጎንበስ አልኩ።

«አባ፣ እንስሳ አስጾምኩ።»

«ምን ዓይነት እንስሳ?»

«እንሽላሊት።»

ቅጠሉ አየር ላይ ቆመ። «ስንት ቀን?»

«አርባ ቀን ያህል። ለልጄ ጤና ተስዬ ነበር። የነነዌ ከብቶችም ጾመዋል ብዬ ነው።»

«የነነዌ ከብቶች ሦስት ቀን ነው የጾሙት። እሱንም ንጉሥ አዞ ነው። አንቺን ማን አዘዘሽ? አሁን እንዴት ነው?»

«ሊሞት ነው። ሐኪሙ አያውቅም፤ ልጄም አታውቅም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንቺ ደግሞ የሌላውን በሽታ ነው የደበቅሽው» አሉ። «አርባ ስገጂ። ግን ስግደቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሂጂና ንገሪ።» ቅጠሉን ጀርባዬ ላይ ቸብ አደረጉት። ምንም አያምም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ ልጄ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እሱ ፎጣ ላይ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነገርኳት፤ ካወለቅሁ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«ፌንጣ አልሰጠሁትም።»

«መቼ?»

«ከሄድሽ ጀምሮ። ልትመጪ ሁለት ቀን እስኪቀርሽ።»

ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። «ዱቄቱስ? ጎድሏል እኮ።»

«ደፋሁት። የሰጠሁት እንዲመስል።»

«ዋሩም?» አለች። ለምን? ስለቱን ነገርኳት፤ ሳንባዋን፣ ነነዌን፣ ሁሉንም። እየተናገርኩ እንዴት እንደሚሰማ ለራሴ ይሰማኝ ነበር።

«ኢሽ ሃብ ዲሽ ኒሽት ዳሩም ገበተን» አለች፤ ይህን አልለመንኩሽም ማለቷ ነው። ከዚያ፣ ቃል በቃል እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ጨመረች። «እሱም አልለመነሽም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የሐኪሙ ክሊኒክ እስከ እኩለ ቀን ክፍት ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆም አለችና «አንቺ ንገሪው» አለችኝ። ጀርመንኛዬ የጽዳትና የሳህን ጀርመንኛ ነው፤ ጾምን ማስረዳት አልሠለጠነም። ጾም፣ ፋስተን፣ አልኩ። ሐኪሙ እኔ እየጾምኩ እንደሆነ ገባውና ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው የጾመው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። አልሳቀም። አልተቆጣምም፤ ቢቆጣ በወደድኩ። ራጅ አነሳውና ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን፤ አጥንቶቹ በቅጡ አይታዩም ነበር። ካልክ ስላጣ ከገዛ አጥንቱ እየወሰደ ኖሯል አለ። ቆስጣው ደግሞ ያለችውን ጥቂት ካልክ ያስርበታል እንጂ አይጠቅመውም። ከሁሉ የባሰው በእጄ ያጎረስኩት ነበር።

የመጀመሪያውን መድኃኒት አስቆመ። በጠብታ የሚሰጥ የካልክ ሽሮፕ፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ መብራት ሥር ማዋል፣ የተፈጨ ፌንጣ። ይድናል ወይ አለች ልጄ። አላውቅም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል አለ።

ስለዚህ ያን ፋሲካ ሰው ሁሉ በዶሮ ሲፈስክ እኔ ፌንጣ ገደልኩ። አንገታቸውን በጥፍሬ ቀንጥሼ፣ ኮረሪማ በምወቅጥባት ትንሽ ሙቀጫ ወቅጬ፣ ከዱቄቱ ጋር ለውሼ። «እንኳን አደረሰዎ» ብዬ በጣቴ ጫፍ አፉ ላይ ቀባሁለት። ረጅም ጊዜ ምንም አላደረገም። ከዚያ ምላሱ ወጣ፣ ላሰ። ቀና ብዬ ልጄን አየሁ። እሷ የምታየው እሱን ነበር።

ፍሪጁ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ሰዓቱ፣ የጠብታው ልክ፣ የውሃው ሙቀት፤ በስተቀኝ በኩል ደግሞ የፊርማ ቦታ። የሰጠሁትን በሰጠሁ ቁጥር እንድፈርም ነው። እናት ነኝና መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ዳይፐር የቀየርኩላት ልጅ ታስፈርመኝ? እስክሪብቶ አንስቼ ፈረምኩ። ምን መብት አለኝ?

ሳምንታቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። ከኒደርራድ እመለሳለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ አፉን በቀስታ ከፍቼ አጠጣዋለሁ፣ እፈርማለሁ። የምተኛባት ሰዓት የእሱ ሆነች። በሁለቱ ሥራዎቼ መሐል ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ይከደን ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ሳህን ሰበርኩ። በልጄና በእኔ መሐል የነበረው ወሬ ጠብታና ሰዓት ብቻ ሆነ፤ «ጠጣ?» «ጠጣ።» ከዚያ ሄዳ ፊርማውን ታያለች። ማየቷን አልደበቀችኝም። ይህም ደከመኝ፤ ከሥራው ይልቅ ይኼ ደከመኝ።

አንድ ቀን ደረቴ ላይ አስቀምጬው መብራቱ ሥር ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጠብታውን እኔ ደረት ላይ እንዳለ ስታጠጣው አገኘኋት። ልነሣ ስል «ሽላፍ ቫይተር» አለች፤ ተኚ። ያን ቀን የፈረመችው እሷ ናት።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው በአራት እግሩ ተነሣ። ተንገዳግዶ ወደቀ፤ ደግሞ ተነሣ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ፌንጣ ሳጥኑ ውስጥ ብለቅለት ራሱን ዘንበል አድርጎ አየው፣ ሮጠ፣ ያዘው። መንጋጋው ግን እንደተጣመመ ቀረ፤ ሲያኝክ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው። የፊርማው ወረቀት አልቆ ሌላ አልተተካም። ስለዚያ ነገር ግን አልተነጋገርንም፤ ልጄ አንስታው አታውቅም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋትም። ሲያኝክ ባየሁ ቁጥር ግን ፊቴን አዞራለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ኩር ተፈቀደላት። አሁንም የካቲት፣ ሁዳዴ ከተያዘ በሁለተኛው ቀን። እንስሳውን ለማን እንደምትተው አልጠየቅሁም። ለክፍል ጓደኛዋ ትሰጠዋለች ብዬ ነበር፤ ብትሰጠው ትክክል ናት። ባቡር ጣቢያ ላይም ቃል ግቢልኝ አላለችም። ጉንጬን ስማኝ ባቡሩ ውስጥ ገባች።

ቤት ስመለስ ሽማግሌው መብራቱ ሥር ተቀምጧል። እጁን አንስቶ አወዛወዘልኝ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ነበረ፤ መብራት፣ ቅጠል፣ ቆስጣ ክልክል፣ ፌንጣ ከነዱቄቱ። የፊርማ ቦታ የለውም። ሁለቴ ፈለግሁት። ከታች ግን በአማርኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በተማረችው ፊደል፣ ጠማማ አድርጋ አንድ መስመር ጽፋለች።

«ማማ፣ አንቺም ብዪ።»

እህል የምቀምስበት ሰዓት ገና ነበር። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ለሽማግሌው ፌንጣውን ሰጠሁት፣ ለራሴ ሽሮ ጣድኩና ቁጭ ብዬ በላሁ።